የፊት ፒሊንግ፦ ከማሠራት በፊት፣ በዕለቱና ከዚያ በኋላ

ፒሊንግ የሚባለው የላይኛውን የቆዳ ሽፋን በአሲድ፣ በመሣሪያ ወይም በምላጭ አንስቶ ከሥሩ ያለው ትኩስ ቆዳ ቶሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ቆዳ ይህንኑ በራሱ ጊዜ ይሠራዋል፤ ከሥር የተፈጠረ ሕዋስ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ደርቆ እስኪረግፍ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይዘገያል። ፒሊንግ ይህን ሂደት ያፋጥናል። የሚጠቅመውም ለተወሰነ ችግር ነው፦ ለብጉርና ብጉር ጥሎት ለሚሄደው ጥቁር ነጥብ፣ ለማድያት፣ ለሻከረ ቆዳ፣ እንዲሁም ወንዶች ጢማቸውን ሲላጩ አንገታቸው ላይ ለሚወጣው ሽፍታ። ለጎደጎደ የብጉር ጠባሳ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የተፈጥሮ መልክን መለወጥ ደግሞ ፈጽሞ ሥራው አይደለም፤ «ያቀላል» እየተባለ የሚሸጥ ፒሊንግ ገና ከመነሻው ገዢውን እያታለለ ነው።

ኒው ሆፕ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ፣ ከክሪስታል፣ ከፕሊመዝና ከብሩክሊን ፓርክ ጋር የምትዋሰን የሄነፒን ካውንቲ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ ፒሊንግ ከየአቅጣጫው ይቀርብለታል፦ በቆዳ ሐኪም ክሊኒክ፣ በሜድ ስፓ፣ በሠፈር ሳሎን፣ በኢንተርኔት ታዞ በፖስታ በሚመጣ ጠርሙስ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ በሻንጣ በገባ ክሬም። ዋጋቸው እንደሚለያይ ሁሉ ጥንካሬያቸውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ዓይነቶቹ

በመሣሪያ የሚሠሩት ቀለል ያሉ ናቸው። ማይክሮደርማብሬዥን በአልማዝ ብናኝ በተለበጠ ጫፍ ወይም በሚረጭ ደቃቅ ክሪስታል ቆዳውን እየፈተገ ይመጠምጣል፤ ደርማፕላኒንግ በስለታም ምላጭ የሞተውን ሽፋንና ለስላሳውን የፊት ፀጉር ይላጫል። ሁለቱም ፊትን ለጥቂት ቀናት ያለሰልሳሉ። ማድያትን ግን አያጠፉም፤ በንቃት ላይ ያለ ብጉር ካለ ደግሞ ያባብሱታል።

የአሲድ ፒሊንግ የሚከፋፈለው በሚደርስበት ጥልቀት ነው። ላይ ላዩን የሚሠራው ግላይኮሊክ፣ ላክቲክ፣ ማንደሊክ ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ ይጠቀማል። ሳሊሲሊክ በስብ ውስጥ ስለሚሟሟ የተደፈነውን የቆዳ ቀዳዳ ዘልቆ ይገባል፤ ለብጉር የሚመረጠውም ለዚህ ነው። መካከለኛው አብዛኛውን ጊዜ 35 በመቶ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ነው፤ እስከ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል መግቢያ ይደርሳል። ጥልቁ በፊኖል ይሠራል። ፊኖል በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል ልብን በመሣሪያ እየተከታተሉ የሚሠሩት ነው፤ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚመክረው ሐኪም የለም ማለት ይቻላል።

ጠርሙስ ላይ የተጻፈው የመቶኛ ቁጥር ብቻውን ጥንካሬውን አይናገርም። ፒኤች የሚባለው የአሲድነት ልክ ዝቅ ባለ ቁጥር ያው 20 በመቶ ይበልጥ ያቃጥላል። በአሜሪካ የመዋቢያ ቅመሞችን የሚመረምረው የባለሙያዎች ቡድን እንደ ግላይኮሊክና ላክቲክ ላሉት አሲዶች ያስቀመጠው ልክ እንዲህ ነው፦ ለቤት መጠቀሚያ እስከ 10 በመቶ ሆኖ ፒኤቹ ከ3.5 ያላነሰ፣ ለሠለጠነ የሳሎን ባለሙያ እስከ 30 በመቶ ሆኖ ፒኤቹ ከ3.0 ያላነሰ። ከዚያ በላይ የሆነ አሲድ በፖስታ መጥቶ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሞ የሚቀባ ነገር አይደለም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሕዝቡ ጠንካራ ፒሊንጎችን ያለ ባለሙያ ክትትል እንዳይገዛና እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል፤ መሥሪያ ቤቱ ያጸደቀው አንድም የኬሚካል ፒሊንግ ምርት እንደሌለም ገልጿል። ስለዚህ «ኤፍዲኤ ያጸደቀው ፒሊንግ» የሚል ማስታወቂያ ሲታይ ሻጩን መጠራጠር ይገባል።

የጠይም ቆዳ ጠባይ

ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባለው አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረው መለኪያ ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ፣ ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ከ1 እስከ 6 ይመድባል። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በእኛ ዘንድ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚባለው አከፋፈል እዚህ ላይ ያሳስታል፤ አገር ቤት «ቀይ» የምትባል ሴት በዚህ መለኪያ 4 ወይም 5 ልትሆን ትችላለች። «እኔ ቀይ ነኝና ጠንከር ያለውን እችላለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ፊት አበላሽቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜላኒን የሚሠሩት ሕዋሳት በጠይም ቆዳ ላይ ለቁጣ ፈጥነው መልስ ይሰጣሉ። ቆዳው ሲቃጠል፣ ሲፋቅ ወይም ሲቆጣ ከልክ በላይ ቀለም ያመርታሉ፤ ቁስሉ ድኖም ጥቁሩ ምልክት ለወራት ይቀራል። ማድያትን ለማጥፋት የተደረገ ጠንካራ ፒሊንግ ሰፋ ያለ ጥቁረት ትቶ ሊሄድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አልፎ አልፎም በተቃራኒው ነጣ ያለ፣ የማይመለስ ቦታ ይቀራል። ስለሆነም ለጠይም ቆዳ የሚሻለው መንገድ ላይ ላዩን የሚሠራው ነው፤ ከዝቅተኛው መጠን ተጀምሮ በሳምንታት ልዩነት ይደጋገማል። ባንድ ጊዜ «የሚያጸዳ» ፒሊንግ ቃል የሚገባ ሰው ይህን ቆዳ አያውቀውም።

ከቀጠሮ በፊት፦ ፊት ላይ ምን አለ?

ውጤቱን ከአሲዱ ይልቅ የሚወስነው ፊቱ ቀድሞ ሲቀባ የኖረው ነገር ነው። በመሆኑም ፒሊንግ የሚፈልግ ሰው አንደኛ ሥራው ቤት ውስጥ ያለውን ክሬም፣ ሳሙና፣ ሴረምና እንክብል ሁሉ ሰብስቦ በከረጢት ይዞ ወደ ባለሙያው መሄድ ነው። በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝም ይበቃል። አፍሮ መደበቅ እዚህ ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ፊት ነው።

ከሁሉ በላይ መጥፎው የሚያቀላ ክሬም ነው። የሚኒሶታ ጤና መምሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 በስቴቱ ሱቆች ከተገዙ 27 የማቅያ ምርቶች ውስጥ በ11ዱ ሜርኩሪ አግኝቷል። በመዋቢያ ውስጥ እንደ ቅሪት የሚፈቀደው ከአንድ ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ነው፤ ከተመረመሩት አንዱ ግን ወደ 33,000 ተጠግቶ ነበር። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ክሬሙን የምትቀባው እናት ብቻ አይደለችም የምትጎዳው፤ በፎጣዋና በትራሷ፣ ጉንጯን በሚነካ ሕፃን እጅም ያልፋል። በሴንት ፖል አሚራ አዳዌ የመሠረተችው ቢዩቲዌል ፕሮጀክት ለዓመታት የተሟገተው በዚህ ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 አማዞን እንዲህ ያሉ ምርቶችን ከገጹ ያወረደው ከዚህ ግፊት በኋላ ነበር።

ሜርኩሪ ያለበትን ክሬም በዓይን ለይቶ ማወቅ ባይቻልም ጥርጣሬ የሚያሳድሩ ምልክቶች አሉ። የይዘት ዝርዝር የለውም፤ ወይም ካሎሜል፣ መርኩሪክ፣ መርኩሪዮ የሚል ቃል ይዟል፤ ወይም ደግሞ ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጌጥ አርቁት የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ይህ ማስጠንቀቂያ ለጌጡ ተብሎ የተጻፈ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ሜርኩሪ ብረቱን ስለሚያበላሽ ነው። እንዲህ ያለ ክሬም ወዲያው ይቆማል፤ ሐኪምም የሽንት ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ክሬሙ ቆሻሻ መጣያ ውስጥም ሆነ ሽንት ቤት አይደፋም። ከነዕቃው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሄነፒን ካውንቲ አደገኛ የቤት ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ጣቢያ ይወሰዳል፤ ለኒው ሆፕ ቅርቡ ብሩክሊን ፓርክ ያለው ነው፣ ለነዋሪ በነፃ ይቀበላል።

ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ሌላ ጣጣ አለው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት ለችፌና ለመሳሰሉት በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው፤ ከማቅያ ጋር ተቀላቅለው ሲሸጡና ለወራት ፊት ላይ ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል፣ የደም ሥሩን ያሳያሉ። በሳሳ ቆዳ ላይ የፈሰሰ ላይ ላዩን የሚሠራ አሲድ እንደ መካከለኛው ጠልቆ ይገባል። ስቴሮይድን ባንድ ጊዜ ማቆምም ፊቱን አቅልቶ ሊያሳብጠው ስለሚችል አቋቋሙን ሐኪም ይወስናል። ሃይድሮኪኖን ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጡ ቀርቷል። በሐኪም ትእዛዝና በተወሰነ ጊዜ ለማድያት የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን፣ ለዓመታት በራስ ፈቃድ ሲቀባ ግን ፊትን ሰማያዊ በሚመስል ጥቁረት ሊያለብሰው ይችላል።

ለባለሙያው የሚነገረው በዚህ አያበቃም። ከንፈሩን ምች የሚመታው ሰው መናገር አለበት፤ ምች የሚባለው የከንፈር ቁስል የሄርፒስ ቫይረስ ነው፣ ፒሊንግ ቀስቅሶት ፊት ላይ ሊበትነው ይችላል፤ ሐኪም አስቀድሞ መከላከያ እንክብል ያዛል። እርግዝናና ጡት ማጥባት ይነገራሉ፤ ነፍሰ ጡር ላይ የሳሊሲሊክ ፒሊንግ አይሠራም፣ የእርግዝና ማድያት ደግሞ ከወሊድ በኋላ በራሱ ሊለቅ ስለሚችል መታገሡ ይሻላል። ለአስፒሪን አለርጂ ያለበት ሰው ሳሊሲሊክ አይስማማውም። ቁስሉ ሲድን አብጦ የሚቀር ጠባሳ ያለበት ያንን ያሳያል። አኩቴን በሚለው ስም የሚታወቀውን እንክብል የሚወስድ ወይም በቅርቡ የጨረሰም ይናገራል፤ ድሮ ለሁሉም ስድስት ወር ይጠበቅ ነበር፣ አሁን ላይ ላዩን ለሚሠራው ፒሊንግ ይህ እንደማያስፈልግ የሚናገሩ መመሪያዎች ስላሉ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

ቀጠሮው ከመድረሱ አንድ ሳምንት በፊት ሬቲኖል፣ ትሬቲኖይንና ስክራብ ይቆማሉ፤ ቅንድብ በክር መነቀልና ዋክስም እንዲሁ። ወንዶች በዋዜማውና በዕለቱ አይላጩም። ወይባ መሞቅ፣ ሳውናና የፊት ስቲም ከፊትም ከኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል ቢቀሩ ይመረጣል፤ ሙቀት ራሱ ማድያትን ያባብሳል። የወጥ ቤት ውሕዶችም ይተዋሉ። በተለይ ሎሚ፦ አገር ቤት የለመድናት ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ ጭማቂዋ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ የቋጠረ ቁስል ታወጣለች፣ ከዚያም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት። ማርና እርድ ቢያንስ አያቃጥሉም።

ማን ይሠራዋል?

በሚኒሶታ የፊት እንክብካቤ ሥራ ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኮስሞቶሎጂስት ፈታኞች ቦርድ ሲሆን፣ ለኤስቴቲሽያን (ለፊት ቆዳ እንክብካቤ ባለሙያ) አንድ፣ ከፍ ላለው ደረጃ ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለው፤ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ በመሣሪያ የሚሠራው ሥራ የሁለተኛው ነው። ሳሎኑ ራሱም ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ቢሆንም። የባለሙያውን ስም በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ማጣራት ደቂቃም አይፈጅ። ከላይኛው ሽፋን አልፎ የሚገባ ፒሊንግ ግን የሕክምና ሥራ ነው። ማድያት ወይም ያልታወቀ ጥቁር ነጥብ ያለበት ሰው ከሁሉ በፊት በቆዳ ሐኪም ቢታይ ይበጃል፤ ማድያት የመሰለው ሁሉ ማድያት ላይሆን ይችላል። ለውበት የሚሠራ ፒሊንግን ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ብጉርን ወይም ማድያትን ለማስመርመር የሚደረግ የሐኪም ጉብኝት ግን ብዙውን ጊዜ ይሸፈናልና አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ቀጠሮ ሲያዝ ይነገራቸው፤ ልጅን ማስተርጎም በተለይ ስለ እርግዝናና ስለ ምች በሚነሳበት ክፍል ውስጥ አይመከርም።

በቀጠሮው ላይ ሦስት ጥያቄ በቂ ነው፦ አሲዱ ምንድን ነው፣ መጠኑስ ስንት ነው? እንደ እኔ ባለ ቆዳ ላይ የሠሩትን ከበፊትና ከኋላ ፎቶ ጋር ማየት ይቻላል? ፊቴ ቢበላሽ በዚያው ዕለት ማን ያየኛል? ሦስተኛውን ሲሰማ ጉሮሮውን የሚጠርግ ባለሙያ ዘንድ መቆየት አያስፈልግም። ጥሩ ባለሙያ ከጆሮ ጀርባ ወይም ከአገጭ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ጥቂት ቀን ይጠብቃል፤ ሠርግ ያለባት ሙሽራ እንግዲህ ይህን ሁሉ ቆጥራ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ትጀምራለች፣ የመጨረሻውንም ዙር ከሠርጉ አንድ ወር በፊት ትጨርሳለች።

በዕለቱ

ፊት ታጥቦ ወዙ በአልኮል ወይም በአሴቶን ይጠረጋል። የአፍንጫ ሥር፣ የከንፈርና የዓይን ጥግ ቫዝሊን ይቀባሉ፤ አሲዱ እነዚህ እጥፋቶች ውስጥ እየተጠራቀመ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያቃጥላል። ከዚያ፣ የተመረጠው ግላይኮሊክ ከሆነ፣ ባለሙያው አሲዱን በብሩሽ ወይም በጥጥ በፍጥነት ያዳርሳል፣ ሰዓቱን ይይዛል፣ ማራገቢያ ያስጠጋል። ስሜቱ መጀመሪያ መብላት ነው፣ ወዲያው መለብለብ ይከተላል። ባለሙያው ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ስጡኝ ካለ ጀግንነት ማሳየት አያስፈልግም፤ ትክክለኛው ቁጥር ይነገር። ፊቱን የሚያየው ሰው ደግሞ ዓይኑን ከሰዓቱ ይልቅ ከቆዳው ላይ አያነሳም፦ አንድ ቦታ ከሌላው ቀድሞ ከቀላ፣ ወይም ውርጭ የመሰለ ነጭ ነገር ከወጣ፣ ደቂቃው ባይሞላም ግላይኮሊኩ በቤኪንግ ሶዳ ውሕድ ወይም በብዙ ውኃ ይመለሳል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ በጉልህ ስለማይታይ ብርሃኑ ጥሩ መሆን አለበት። ሳሊሲሊክ ሲሆን ነገሩ ለየት ይላል፤ ፊት ላይ የሚቀረው ነጭ ዱቄት የደረቀው አሲድ ራሱ ነው፣ አያስደነግጥም። እየሠራ ስልክ የሚያወራ ባለሙያ ካጋጠመ ታጥቦ መነሳት ይቻላል፤ ሂሳቡ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ከዚያ በኋላ

ላይ ላዩን ከሚሠራው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ይወጣጠራል፤ በሦስተኛው ቀን ገደማ አፍ ዙሪያ መላጥ ይጀምርና በሳምንት ውስጥ ያበቃል። የማይላጥም አለ፤ አልሠራም ማለት አይደለም። የሚያንገላታው ፈተና አንድ ነው፦ ጫፉ የተነሳውን ቆዳ አለመንቀል። የተነቀለበት ቦታ ይጠቁራል። ለብ ባለ ውኃና በለሰለሰ መታጠቢያ ማጠብ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ወይም ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። ሚኒሶታ በክረምት ሂተሩ የቤቱን አየር ያደርቀዋልና በቀን ሁለቴ የነበረው መቀባት አራቴ ይሆናል። ለሁለት ቀን ጂምና ሙቅ ሻወር ይቀራሉ፤ ምጣድ ፊት ቆሞ እንጀራ መጋገርም ለሌላ ሰው ይተላለፋል፣ እንፋሎቱ በቀጥታ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው። በርበሬ የነካ እጅ ወደ ፊት አይሄድም።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከሁሉ ይበልጣል። ኤስፒኤፍ የሚባለው ልኩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ውጭ ሲዋል በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ቀለም የተቀላቀለበትና የብረት ኦክሳይድ ያለው ቢመረጥ ሁለት ነገር ያተርፋል፦ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ይከላከላል፣ ጠይም ፊት ላይም ነጭ አመድ አያስመስልም። ክረምት ነው ብሎ መተው አያዋጣም፤ ትኩስ በረዶ ከሚያርፍበት የአልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ወደ ፊት ያንጸባርቃል። በታክሲ፣ በኡበር ወይም በጭነት መኪና የሚሠራ ሰው ደግሞ ግራ ጉንጩን ያስብ፤ የጎን መስታወት ቆዳ የሚያጠቁረውን ጨረር በደንብ ያሳልፋል።

የሚያሳስቡ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦ ከሁለት ቀን በኋላ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ውኃ የቋጠረ ወይም መግል የያዘ ቁስል፣ ቢጫ ቅርፊት፣ በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ትናንሽ እብጠቶች፣ ትኩሳት። እነዚህ ከታዩ በዚያው ዕለት ለሠራው ሰው ተደውሎ ሐኪም መታየት ግድ ነው። ቤት ውስጥ አሲድ ተቀብቶ ያቃጠለ ወይም ዓይን የገባበት ሰው ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሰ 1-800-222-1222 ይደውላል፤ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ሌሊትም ይመልሳል፣ ክፍያ የለውም፣ አስተርጓሚም ያገናኛል። መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ፊት በፍጥነት ካበጠ 911 ነው። ጥቁር ምልክት መውጣት ከጀመረም ሌላ ፒሊንግ አይደረብበትም።

ላይ ላዩን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እየተራራቀ በዙር ይሠራል። ጥቅል ክፍያ ሲቀርብ ግን ሙሉውን በቅድሚያ ከመክፈል አንዱን ዙር አይቶ መቀጠል ይሻላል፤ የመልክ ለውጡን በየዕለቱ በመስታወት ከመፈለግ ይልቅ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ ያለ ሜካፕ፣ በየዙሩ መጀመሪያ አንድ ፎቶ ማንሳት ይረዳል። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ፎቶዎቹ ካልተለያዩ ፒሊንጉ ይቆምና ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት እንዲያስብ ይጠየቃል። ማድያት በወሊድ መከላከያ እንክብልና በፀሐይ የሚመለስ ነገር በመሆኑ፣ እንክብሉን የምትወስድ ሴት ያንንም በዚያው ቀጠሮ ላይ ታነሳለች።